ሦስት ቁጥር ወንበር

ጅግጅጋ መናኸሪያ አሁን መኪና የሚጠብቅ ሰው የለም። ሁሉም ስልኩን ነው የሚጠብቀው። ስልኩ «ስምንት ደቂቃ ቀረው» ካለ ስምንት ደቂቃ ነው የቀረው። ጥሩ ነገር ነው፣ አልዋሽም። ግን ያኔ፣ የዛሬ ስድስት ሰባት ዓመት፣ ቆመን ስንጠብቅ ሰው እንተዋወቅ ነበር። የቤት አከራዬን እንኳ ያገኘኋቸው የሐርተሼክን መኪና ስጠብቅ ነው። ዛሬ ብጠብቅ ማን ያከራየኛል?

ሐርተሼክ አስተምር ነበር፤ ቤተሰቤ ጅግጅጋ። በየሳምንቱ መጨረሻ የሚያመጣኝ የአዴር ዋርሰሜ ቅጥቅጥ ነበር። «አዴር» በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፤ አክብሮቱም እዚያው ውስጥ አለ።

ታዲያ እኚህ ሰውዬ ሜዳ ላይ ይቆማሉ። ቤት የለ፣ ሰው የለ። ድንጋይ ላይ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል፤ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። ወርደው ያነሱታል። ትንሽ ሄድ ብለው ደግሞ ሰማያዊ ጨርቅ። የግመል ወተት ነው። የወተቱ ባለቤት ግመሎቿን ተከትላ ሄዳለች፤ ጅግጅጋ ገበያ ያለችው እህቷ በጨርቁ ለይታ ትረከባለች። መጀመሪያ ሰሞን «ለጀሪካን ነው እንዴ የምንቆመው?» ብላቸው፣ «መአሊን» አሉኝ፣ መምህር ማለታቸው ነው፣ «አንተ ብትዘገይ ትቆጣለህ እንጂ ትበላሻለህ?»

ከዚያ የመኪና መከታተያ መሣሪያ መጣ። መኪናው ላይ ተገጠመ፤ ማን የት እንደቆመ መናኸሪያው ቢሮ ውስጥ በስክሪን ይታያል። ትኬቱ በስልክ፣ ወንበሩ በቁጥር ሆነ። የእኔ ሦስት ቁጥር ነበር፣ ከሾፌሩ ጀርባ። ስልኩ ላይ ቅሬታ መጻፊያም አለ።

እንግዲህ ልናዘዝ። ልጄ ከመዋዕለ ሕፃናት የምትመረቅ ቀን ስድስት ጀሪካን አነሳን። ስደርስ ጋዋኗን አውልቃ ከረሜላ ትበላለች። «አባዬ፣ አለቀ እኮ» አለችኝ። በገንኩ። እዚያው ቆሜ ቅሬታ ጻፍኩ። ስም አይጠይቅም፣ እኔም አልነገርኩትም። የአማርኛ መምህር ሲናደድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ አንቀጽ በአንቀጽ ነው።

በሳምንቱ አዴር ዋርሰሜ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። በየሜዳው መቆማቸውን ስክሪኑ መዝግቧል፤ በዚያ ላይ ቅሬታ ተጨምሯል። አሳማኝ ምክንያት በጽሑፍ ካላቀረቡ ሃያ ዓመት ከነዱበት መስመር ሊታገዱ ነው። አማርኛ እንደ ውሃ ይናገራሉ፤ መጻፍ ግን አይሆንላቸውም። «አንተ ጻፍልኝ» አሉኝ።

ምን ልበል? አፈርኩ። ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። ተቀምጬ የራሴን ቅሬታ በራሴ እጅ አንቀጽ በአንቀጽ አፈረስኩት። የሴቶቹን ስም፣ የጨርቆቹን ቀለም፣ እያንዳንዱ ድንጋይ የት እንዳለ ሁሉ ጻፍኩ። እውነቴን ነው፣ ያን ያህል ለፍቼ የጻፍኩት ደብዳቤ የለም።

ቢሮው ተቀበለው። ድንጋዮቹም ካርታው ላይ ማቆሚያ ተብለው ገቡ። ስልካችን «ቀጣይ ማቆሚያ፦ ቀይ ጨርቅ» ይለን ጀመር።

በሚቀጥለው ሳምንት ስሳፈር ወንበሬ ላይ ጀሪካን ቁጭ ብሏል። «አዴር፣ ይሄ እኮ የእኔ ቦታ ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ፣ ዞር ሳይሉ። «ቢሮ ያሉት ልጆች ቅሬታውን ሲያነቡልኝ መጀመሪያ ያነበቡት ስልኩ ራሱ ከላይ የጻፈውን ነው። ሦስት ቁጥር ወንበር ይላል።»

ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። «ታዲያ ለምን እኔ ጋ መጡ?»

«ቅሬታህ ቢሮውን በአንድ ቀን አሳምኖታል። እንደሱ የሚጽፍ ሌላ ሰው ከየት ላምጣ?»

ጀሪካኑን ጭኔ ላይ ታቅፌ ተቀመጥኩ። ጅግጅጋ እስክንገባ አላወረድኩትም።

አዴር ዋርሰሜ አሁን መንዳት ትተዋል። ናፍቀውኛል። ልጄ ያንን ምረቃ ጭራሽ አታስታውሰውም። እኔ ግን በዚያ መስመር ስሄድ ስልኩ «ቀይ ጨርቅ» ባለ ቁጥር ሳላስበው ጭኔን አመቻቻለሁ።