የሐኪሙን መስታወት ያጠብኩ ዕለት

የተማረ ሰው ቤት ገብቶ መቀመጥ እንዴት ይጨንቃል! የቱ ዕቃ፣ የቱ ቆሻሻ እንደሆነ ማን ይነግራችኋል? እኔ ደግሞ ፊደል ጨርሼ ዳዊት ልጀምር ስል የተዳርኩ ነኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ማን አስተማረኝ?

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን በያዘ ጊዜ፣ ከሐኪሞቹ አንዱ በአገሩ ሐኪሞችን የሚያስተምር ነው ተባለ። ዕድሜውን የፈጀው አንድ በሽታ ሲያጠና ነው፤ የደም ነቀርሳን። የሦስት ዓመት ልጄ ፊቷ እንደ ሰም ነጥቶ፣ ግራ ጎኗ አብጦ ብወስዳት፣ ሆዷን ዳሰሰና ቆላ ወርዳ ታውቅ እንደሆነ በአስተርጓሚው አስጠየቀኝ። መውረዱንስ ወርዳለች፤ አባቷ ዓባይ በረሃ ከአርበኞች ጋር ነው፣ ልናየው ሄደን ሰንብተናል። ይህን ለጣሊያን የሚናገር ጤነኛ አለ? ከደጄ ወጥታ አታውቅም አልኩ።

ሐኪሙ ጣቷን ወግቶ ደሟን በቀጭን መስታወት ላይ ቀባና፣ ትንሹን አጉልታ በምታሳየው መሣሪያ አጎንብሶ ቆየ። ፊቱ ጠቆረ። አስተርጓሚው፣ ያ የሚያስተምረው በሽታ ሳይሆን አይቀርም አለኝ። መድኃኒቱስ ወንድምዓለም ብዬ ብጠይቀው፣ የለውም አለ። ታዲያ ምኑን ነው የሚያስተምረው? ይህን እንኳ ዋጥኩት።

ለምሳ ሲወጡ እዚያው ጠብቂ ተባልኩ። መስኮቱ ሥር ደም የደረቀባቸው መስታወቶች ተደርድረዋል። ለልጅሽ የሚደክም ሰው ዕቃው ቆሽሾ እያየሽ እጅሽን አጣጥፈሽ ትቀመጫለሽ? ከጓሮ አመድ አምጥቼ፣ አንድ በአንድ ፈትጌ፣ በነጠላዬ ጫፍ አብሼ እንደነበሩ ደረደርኳቸው። ፀሐይ ሲያርፍባቸው እንዴት ያበሩ ነበር!

ሐኪሙ ተመልሶ ሲያያቸው ራሱን ያዘ። ቋንቋውን ባላውቅም ስድብ መሆኑ አልጠፋኝም። አንቺ ሴትዮ፣ የስንት በሽተኛ ደም ነው ያጠብሽው! አለ አስተርጓሚው። ቆሽሾ ነበር እኮ አልኩ።

የልጄም ደም አብሮ ታጥቧልና፣ እንደገና ሊጀምር ጣቷን ሲወጋት፣ ብርድ ብርድ ብሏት ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ነበር። አጎንብሶ አየ። ደግሞ አየ። ከዚያ እየሳቀ ብድግ አለ። ወባ ነው፤ የቆላ ወባ! ቀድሞ ያልታየው፣ ብርዱ ሲነሣባት ደሟ ውስጥ ታየ ተባልኩ። አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞረ፣ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ሐኪሙ ግን የት ሄዳ ነበር ብሎ አልጠየቀም። ኪኒኑን ሰጠኝና ልጄን ራሱ ታቅፎ እስከ በር ሸኘን።

ዳነችልኝ። አባቷ ተደብቆ ሊጠይቀን የመጣ ዕለት፣ ጣሊያን አንድ ሳይቀር ይጥፋ ብሎ ጸለየ። እኔም አሜን አልኩ፤ አንዱን ግን በልቤ አስቀርቼ።