ማተብ ያላሳየ አይገባም

ሃይማኖታቸውን የጠበቁ ታላላቅ ሰዎች ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ የወረታው አቶ ደሳለው እንዳይዘነጉ ከወዲሁ ማሳሰብ ተገቢ ነው። ሌሎቹ ሃይማኖታቸውን የጠበቁት በዋሻ፣ በበረሃና በገዳም ነው፤ ከሰው ርቆ መጠበቅ ደግሞ ብዙም አይከብድም። አቶ ደሳለው ግን የጠበቁት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ስድስት አግዳሚ ወንበርና ሃያ አራት ብርጭቆ ባለው ሻይና ምግብ ቤታቸው ውስጥ ነው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የማይሄዱትም በሩን የሚጠብቅላቸው ሰው ስለሚያጡ ነበር።

አሠራራቸው ግልጽ ነው። እንግዳ ደጃፉን ሊረግጥ ሲል አቶ ደሳለው ከመቀመጫቸው ሳይነሡ አንገቱን ያያሉ። ማተብ ካሰረ «ግባ!» ይሉታል፤ ብርጭቆ ይቀርብለታል። ካላሰረ ታዛው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ምግቡ በዱባ ቅጠል፣ ሻዩ በቅል ይወጣለታል። ለዚሁ አገልግሎት አንድ ቅል ከታዛው ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር። ቅሉ ከሥሩ ስንጥቅ አለው። ከውስጥ ሆኖ ግን ስንጥቁ አይታይም።

በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ ላይ፣ ኑርሁሴን የሚባለው የትሬንታ ኳትሮ ጭነት መኪና ሹፌር ዝናብ ሲወርድበት አርፍዶ ከደጃፉ ደረሰ። የወረታ ሱቆች ጨውና ጋዝ የሚያገኙት በእሱ መኪና ነው።

«ጋሼ ደሳለው፣ እንደምን ዋሉ? ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ። ሽሮና ሻይ ካለ ውስጥ ልቀመጥ?»

«ኑርሁሴን፣ አንተን እንደ ልጄ ነው የማይህ» አሉ አቶ ደሳለው። «ታዛው ሥር ተቀመጥ።»

«ሥጋ አልጠየቅሁም እኮ፣ ጋሼ። የእናንተን ሥጋ እኔም አልበላም። ሽሮ ነው።»

«ሽሮውማ ምን አለበት። ነገሩ ብርጭቆው ነው። አንተ በጠጣህበት ነገ ክርስቲያን ሊጠጣበት ነው?»

«ብርጭቆዎቹን ከጎንደር ያመጣኋቸው እኮ እኔ ነኝ! እንዳይሰበሩ ብዬ ጭድ ውስጥ አንድ በአንድ የደረደርኋቸው በዚህ በእጄ ነው።»

አቶ ደሳለው ይህን አስበውበት አያውቁም ነበር።

«ያኔ ባዶ ነበሩ» አሉ በመጨረሻ።

ኑርሁሴን ሄዶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ሻዩ በቅል መጣለት።

«ጋሼ፣ ይህ ቅል ያፈሳል!»

«ቶሎ ብትጠጣው አያፈስም» አሉ አቶ ደሳለው ከውስጥ።

ሚስታቸው እማዋይሽ ይህን ሁሉ ከጓዳ ሆና ሰማች፤ ፊቷ እስኪቀላ አፈረች። አምና ወባ ጥሏት ከሞት አፋፍ ስትደርስ ከጎንደር ኪኒን ያመጣላት ይኸው ሹፌር ነበር፤ ያን ጊዜ ኪኒኑን ማን እንደነካው የጠየቀ ሰው አልነበረም። ዱባ ቅጠሉ ላይ አንድ ጭልፋ ሽሮ ጨመረችለት።

ነሐሴ በባተ በሦስተኛው ቀን የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ አቶ ያየህ ከበላይ የወረደ ማስታወቂያ ይዞ መጣና ቆሞ አነበበ። «ለሕዝብ ምግብ፣ መጠጥና መኝታ የሚያቀርብ ማናቸውም ቤት በሃይማኖት ወይም በጎሣ ምክንያት እንግዳን ከደጅ መመለስም ሆነ ለይቶ ማስተናገድ ክልክል ሲሆን፣ ይህን ተላልፎ የተገኘ ባለቤት ፈቃዱ ተነጥቆ ቤቱ የሚታሸግ መሆኑን እናስታውቃለን።»

አቶ ደሳለው ደነገጡ። ፎገራ ላይ ያለችውን ቁራሽ መሬታቸውን የርብ ወንዝ በየክረምቱ ስለሚያጥለቀልቃት፣ የባልና ሚስቱ እንጀራ ይኸው ቤት ብቻ ነበር።

«ሃይማኖቴንስ?» አሉ።

አቶ ያየህ ወረቀቱን ገለበጠ። «ሁለተኛው አንቀጽ፣ ማንም ሰው በሃይማኖቱ አይገደድም ይላል።»

«እንግዲያው እኔ በሁለተኛው እገባለሁ።»

«በሁለተኛው ቢገቡ በአንደኛው ያሽጉብዎታል።»

«ምን ዓይነት ወረቀት ነው ይሄ?»

«ከበላይ የመጣ» አለ አቶ ያየህ፣ በአክብሮት እያጠፈው።

አቶ ደሳለው በዝናብ በጭቃ ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ መምሬ አዛናው ሄዱ። መምሬ እስከ መጨረሻው አዳመጧቸው።

«ደሳለው፣ ለራበው ሰው ሽሮ ማቅረብ ኃጢአት ነው የሚል መጽሐፍ እስካሁን አላጋጠመኝም። አንተን ካጋጠመህ አምጣና አንብብልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል።»

«ብርጭቆውስ፣ አባቴ?»

«እጠበው።»

መልሱ አቶ ደሳለውን ቅር አሰኛቸው። ይህን የሚያህል ከባድ ጥያቄ በአንድ ቃል መመለስ ለጥያቄውም ለጠያቂውም ክብር አይሆንም። አባታችን አርጅተዋል ብለው ከልባቸው እያዘኑ ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን አሰቡ። ሰው ሲያስብ ዝም ብሎ እንዲያስብ መተው አደገኛ መሆኑን ወረታ የተረዳችው በአራተኛው ቀን ነው። አቶ ደሳለው አቶ ያየህን አስጠሩት።

«ሕጉ የከለከለው ሰው መለየትን ነው አይደል?»

«ነው።»

«እንግዲያው ማንንም ሳልለይ ሁሉንም እመረምራለሁ!»

እስከዚያ ድረስ የሚያውቁትን የሰፈር ሰው አንገቱን ሳያዩ ያስገቡ ነበር፤ አሁን ግን ያ አድልዎ መሆኑ ተገለጠላቸው። አቶ ያየህ ሐሳቡን በማዘጋጃ ቤት ቋንቋ አሳምሮ ጻፈውና በሩ ላይ ተለጠፈ።

«አንቀጽ አንድ፦ የማናቸውም ሃይማኖት ተከታይ ወደዚህ ቤት መግባት ይችላል። አንቀጽ ሁለት፦ የሚገባ ሰው ሁሉ በር ላይ ማተብ ያሳያል። አንቀጽ ሦስት፦ ይህ ደንብ የቤቱን ባለቤት ጨምሮ በሰው ሁሉ ላይ እኩል ይጸናል።»

ሦስተኛውን ያስገባው አቶ ያየህ ነው። «ያለዚህ እኩልነቱ አይታይም» አለ። አቶ ደሳለው አንገታቸውን ዳሰስ አደረጉ፤ ማተባቸው እቦታው ነበር፤ ተስማሙ። ለደንቡ አስፈጻሚነትም እማዋይሽ ተሾመች።

«የመጣውን ሁሉ ልጠይቅ?» አለች።

«ሁሉንም።»

«መምሬንም?»

«እኩልነት ነው እያልሁሽ!»

«እርስዎንም?»

«እኔንም!»

«እሺ» አለች እማዋይሽ። በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳራቸው እንዲህ ፈጥና እሺ ብላ አታውቅም።

በመጀመሪያው ቀን ደሞዝ የተባለው ገበሬ ተመለሰ። የእርሻ ላብ ማተቡን አበስብሶ በጥሶበት ሌላ ሳያስር ውሎ ነበር። በማግሥቱ መምሬ አዛናው ራሳቸው መጡ። ጠዋት ክርስትና ሲያነሡ ክሩ አልቆባቸው፣ የራሳቸውን ማተብ ፈትተው ለሕፃኑ አስረውለታል።

«ማተብዎን፣ አባቴ» አለች እማዋይሽ ጎንበስ ብላ።

«መስቀሌ ይኸውና፣ ልጄ።»

መስቀሉን ተሳለመች። «ደንቡ ስለ መስቀል አይናገርም። ይፍቱኝ፣ አባቴ።»

መምሬ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁና ከድንጋዩ ላይ ሄደው ተቀመጡ። በሳምንቱ ታዛው ሥር ያለው ሰው ውስጥ ካለው በለጠ። ቅሉ አንድ ብቻ ስለሆነ መምሬ ጠጥተው፣ በዝናቡ ለቅለቅ አድርገው ለደሞዝ ያቀብሉታል፤ ደሞዝ ጠጥቶ አጠገቡ ለተቀመጠው ሙስሊም የጨው ነጋዴ ያቀብለዋል። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ዕቃ እንዳይጠጡ የወጣው ደንብ የፎገራን ሰው ባንድ ቅል አጠጣው። አቶ ደሳለው ግን ይህን አላዩም፤ ከሃያ አራቱ ብርጭቆዎቻቸው ጋር ውስጥ ነበሩ። ቤታቸው ንጹሕ ሆነላቸው፤ ሰው የሌለበት ቤት ደግሞ ለማጽዳትም አያስቸግርም።

በነሐሴ አጋማሽ ርብ ሞልቶ ከዳርቻው ወጣ። አቶ ደሳለው ይፋግ መንገድ ላይ ከወንድማቸው ዘንድ ያስቀመጧቸው አራት ከብቶች በውሃ መከበባቸውን ሰሙና በትራቸውን ይዘው ገሠገሡ። መንገዱን ያለበሰው ውሃ ከጉልበት በታች መስሏቸው ገቡበት። ወገባቸው ላይ ሲደርስ ጸሎት ጀመሩ፤ ደረታቸው ላይ ሲደርስ ግን ጸሎቱን ትተው ጮኹ።

ከወዲያ ማዶ ውሃው እስኪጎድል መኪናውን አቁሞ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ኑርሁሴን ነው። የጭነት ገመዱን ከመኪናው አስሮ፣ ጫፉን በወገቡ ጠምጥሞ ዘሎ ገባ። መጀመሪያ እጁ የገባው የአቶ ደሳለው ማተብ ነበር፤ ተበጠሰ። በሁለተኛው እጁ የኮታቸውን አንገትጌ ያዘና ጎትቶ አወጣቸው። ብዙ ውሃ ጠጥተው ነበር፤ በቅልም በብርጭቆም አልነበረም። ከብቶቹን ወንድማቸው ከፍታ ላይ አውጥቷቸው ስለነበር፣ ውሃው ከሰዓት በኋላ ሲጎድል ኑርሁሴን መኪናው ውስጥ አጠገቡ አስቀምጦ ወደ ወረታ አመጣቸው።

በዚያው ዕለት አቶ ያየህ ማስታወቂያው መፈጸሙን አይቶ ለበላይ ሊጽፍ፣ ቀለምና ወረቀቱን ይዞ ውስጥ ሻይ እየጠጣ ነበር። እማዋይሽ ባሏ እንደ ረጠበ ዶሮ ሆነው ከመኪናው ሲወርዱ ስታይ ጮኸች። ሮጣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ የሆነውን ስትሰማ የኑርሁሴንን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች፤ ነጠላዋን ለባሏ አለበሰች፤ እንባዋንም አበሰች። ከዚያ በሩ ላይ ሄዳ ቆመች።

«ማተብዎን» አለች።

«ምን?»

«የሚገባ ሰው ሁሉ በር ላይ ማተብ ያሳያል።»

አቶ ደሳለው አንገታቸውን ዳሰሱ። ባዶ ነው። «አንቺ፣ እኔ እኮ ነኝ!»

«ሦስተኛው አንቀጽ» አለ አቶ ያየህ ከውስጥ።

ኑርሁሴን እጁን ዘረጋ። የተበጠሰው ማተብ ጣቱ ላይ ተጠምጥሟል። «ጋሼ፣ ይኸው። እጄ ላይ ቀርቶ ነው።»

እማዋይሽ አየችው። «ማተብ አሳይተሃል። ግባ!»

«የኔ ነው እኮ!» አሉ አቶ ደሳለው።

አቶ ያየህ ወደ በሩ መጥቶ ደንቡን እንደገና አነበበ። «የማን ማተብ አይልም» ብሎ አረጋገጠ።

«ይውሰዱትና ይግቡ፣ ጋሼ» አለ ኑርሁሴን ማተቡን እያቀረበላቸው። «ብርድ ይገልዎታል።»

አቶ ደሳለው እጃቸውን ዘረጉ፤ መልሰውም ሰበሰቡት። ሞኝ አልነበሩም። ሙስሊም የያዘው ማተብ ደኅና ነው ብለው ከተቀበሉ፣ ሙስሊም የያዘው ብርጭቆ ምን በደለ? ያን ጊዜ የስንት ዓመት ጥበቃቸው ሁሉ ከንቱ ሊሆን ነው። እማዋይሽ ሐሳባቸውን ከፊታቸው አነበበችው።

«አንገትዎን የያዘው እኮ ያው እጅ ነው» አለች ቀስ ብላ።

አቶ ደሳለው ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ቀና አሉ።

«እኔ ታዛው ሥር እቀመጣለሁ» አሉ።

ኑርሁሴን ገባ። እማዋይሽ የመጀመሪያውን አግዳሚ ወንበር ጠርጋ አስቀመጠችው፤ ሻዩን በብርጭቆ አቀረበችለት። ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ አየው፤ ጭድ ውስጥ ከደረደራቸው አንዱ መሆኑን ዐወቀውና ፈገግ አለ። አቶ ያየህም ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክሮ ጻፈ። «በዛሬው ዕለት በተደረገው ምርመራ ሙስሊሙ እንግዳ ውስጥ፣ ክርስቲያኑ ባለቤት ውጭ ሲስተናገዱ የተገኙ በመሆናቸው፣ በዚህ ቤት ሙስሊሞች ከደጅ የማይመለሱ መሆኑ ተረጋግጧል። ፈቃዱ ይጽናላቸው።»

ውጭ አቶ ደሳለው ድንጋዩ ላይ ኩርምት ብለዋል። ሽሮ በዱባ ቅጠል ወጣላቸው፤ ትኩስ ሻይም በቅል። በሁለት እጃቸው አቅፈው ሊሞቁበት ፈለጉ። ጥቂት ቆይተው ጉልበታቸው ላይ አንድ ትኩስ ነገር ሲንጠባጠብ ተሰማቸው። ቅሉን ከፍ አድርገው ከሥሩ ተመለከቱት።

«እማዋይሽ! ይህ ቅል ያፈሳል!» ብለው ጮኹ።

ከውስጥ የመለሰላቸው ኑርሁሴን ነው።

«ቶሎ ቢጠጡት አያፈስም፣ ጋሼ!»