ሽማግሌው ሻጭ

ሰው ቤቱ ቆሽሿል ሲባል የሚከፋውን ያህል በሌላ ነገር አይከፋም። መልክህ አያምርም በሉት፣ ስቆ ሊያልፋችሁ ይችላል። ወለልህ ቆሽሿል ካላችሁት ግን ጉዳችሁ ፈላ! እንግዲህ የጽዳት ሥራ ይዞ ደንበኛ መፈለግ ማለት ደጅ ለደጅ እየዞሩ ሰውን በጨዋ አማርኛ መስደብ ነው። ለዚህ ደግሞ አንደበት ያስፈልጋል። እኔ የለኝም።

እኔ ያለኝ አንድ የወለል ማጠቢያ ማሽን፣ በእናኑ የሚመሩ ሦስት ብርቱ ሴቶችና የማያልቅ የደብረ ታቦር ጭቃ ነው። የጠፋው «ኑ፣ አጽዱልኝ» የሚል ሰው ነበር። ሴቶቹ ሥራ ፈትተው ደጄ ላይ ዳንቴል መሥራት ሲጀምሩ ሻጭ መቅጠር እንዳለብኝ ገባኝ። መጀመሪያ ከረባት ያሰረ ምሩቅ ቀጠርኩ። ስለ ማርኬቲንግ አንድ ሳምንት ሙሉ አስተማረኝና ባንክ ገባ።

ያኔ ጋሽ ባዘዘው ትዝ አሉኝ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ለጋብቻ ሽማግሌ ሆነው ሄደው እምቢ ተብለው አያውቁም ይባላል። የሰው ልጅ ከእናት ከአባቷ አስፈቅደው ያመጡ ሰውዬ የጽዳት ውል ያቅታቸዋል? ቀጠርኳቸው።

የመጀመሪያ ጉዟችን ወደ አቶ ፈንታሁን ነበር፤ ከጋሳይ መጥተው ትልቅ የእንግዳ ማረፊያ የከፈቱ ሰው ናቸው። ሁለቱ ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘመድ አዝማዱ ተጠያየቁ። ሻይ ጠጣን። ስለ ጽዳት አንዲት ቃል ሳትወጣ ተሰናበትን።

«ጋሼ፣ ረሱት እንዴ?»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ልጄ። ጉዳይ በመጀመሪያ ቀን አይነገርም።»

በሳምንቱ ተመልሰን ሄድንና ጋሽ ባዘዘው ጉዳዩን ተናገሩ። አቶ ፈንታሁን «እስቲ ላስብበት» አሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ስወጣ ጋሽ ባዘዘው ፊታቸው በርቷል። «ወዲያው እሺ የሚል አባት ልጁን አይወዳትም» አሉኝ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ከሴቶቹ አንዷ ባሕር ዳር ሥራ መጠያየቅ ጀመረች። እናኑም ዳንቴሏን ጨርሳ ሌላ ጀመረች። ጋሽ ባዘዘውን ላሰናብታቸው ቆረጥኩ። ግን እንዴት? በእኛ አገር ለትልቅ ሰው እንዲህ ያለ ክፉ ነገር የሚነገረው ሽማግሌ ተልኮ ነው። የከተማው ሽማግሌ ደግሞ እሳቸው ናቸው!

እንደምንም ጨክኜ በጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። ከዘራቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። «ደግ መጣሽ፤ ዛሬ የመልሱ ቀን ነው፣ እንሂድ።» የያዝኩትን ቃል ውጬ ተከተልኳቸው።

አቶ ፈንታሁን ውሉን አዘጋጅተው ጠበቁን። «እንግዳ ሻንጣውን ትቶ የሚወጣበት ክፍል ውስጥ የማላውቀውን ሰው አላስገባም» አሉኝ። «ጊዜ ስላገኘሁ ስለ ሴቶችሽ አጣራሁ። እጃቸው የታመነ ነው አሉኝ።» ጋሽ ባዘዘው ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም። ትልቅ ሰው ናቸዋ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔም ደስ ባለኝ። ከሁለት ወር በኋላ ግን ጋሽ ባዘዘው ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው የራሴ ደጅ ላይ ቆሙ። የላኳቸው ሴቶቹ ናቸው፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሳም እንፈልጋለን፣ እረፍት ትስጠን ብለው።

«ጋሼ፣ እርስዎ የእኔ ሠራተኛ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ እንጂ። ግን ሽማግሌ ከተላከ ይሄዳል።»

ምን ላድርግ? ማንም ያልቻላቸውን ሰው እኔ ልችላቸው ነው? እሺ አልኩ።

የእንግዳ ማረፊያ ግን እሑድ አይዘጋም። ስለዚህ እሑድ እሑድ ቦቲ ጫማ አድርጌ ኮሪደሩን የምወለውለው እኔው ራሴ ነኝ። ባለፈው እሑድ አቶ ፈንታሁን መጥተው የመስኮቱን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና አቧራውን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ልጄ፣» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሦስቱ ሴቶች ወርቅ ናቸው። የእሑዷን ግን ብትቀይሪልኝ።»