መሪን የማጽናት ታላቅ ሥራ በሚዛን ተፈሪ

ዘመኑን በትክክል አላስታውስም። ቴፒ ውስጥ ከቡና እርሻው ጋራዥ አጥር ሥር ዝናብ ተጠልዬ ቆሜ ነበር፤ ከአጥሩ ወዲያ ሁለት ሰዎች ያወራሉ። አንደኛው፣ ድምፁ የትልቅ ሰው ነው፣ «መሪ ከቀለለ መኪናው መንገዱን አይነግርህም» አለ። ሁለተኛው «እሱስ ልክ ነህ፣ ግን…» ብሎ ሲጀምር ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደበትና የቀረውን አልሰማሁም። ወይም ሰምቼ ረስቼው ይሆናል። አስተዋይ ሰው ከግማሽ ቃል ይማራልና እኔም በዚያች ግማሽ ወሬ ላይ የሠላሳ ዓመት ዕውቀት ገነባሁ።

ሥራዬ ሬዲዮ መጠገን ነው። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት በመስማት ነው። ደንበኛ ሲያወራ አላቋርጥም፤ ሬዲዮ ሲያወራም አላቋርጥም። ሞባይል መጥቶ ሬዲዮ የሚያሠራ ሰው ሲጠፋ የመስሚያ ጊዜዬ በእጅጉ ጨመረ፤ ለዚህም ጌታን አመሰግናለሁ። ቤታችንን የምታስተዳድረው ልጄ ትሁት ናት። በየእሑዱ በመኪናችን ሙሽራ ታመላልሳለች፤ እኔና እናቷ ዲቦራ በዚያ እንበላለን።

መኪናዋ ቀይ፣ ሁለት በር፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር የድሮ የአሜሪካ ሥሪት ናት። አንድ የውጭ አገር የቡና ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ ለሟቹ ወንድሜ ትቶለት ሄደ፤ ከወንድሜ ወደ እኛ ተላለፈች። በአገሯ «ባለ ጡንቻ» ይሏታል አሉ፤ ለመብረር የተሠራች ናት። እኛ ዘንድ ግን ከዘማሪዎቹ ኋላ ኋላ በሰው እርምጃ ትሄዳለች። ፈጠን ብትል ጭብጨባው ወደ ኋላ ይቀራል።

ትሁት ይህችን መኪና በአንድ ጣት ነበር የምታዞራት። በሌላው እጇ ማስቲካ ትልጣለች። ያን ሁሉ የፈረስ ጉልበት በአንድ ጣት! ባየሁ ቁጥር ልቤ ያዝን ነበር።

«ልጄ፣ ይህ መሪ ልል ነው። መጽናት አለበት» አልኳት አንድ ቀን።

«ለምን አባዬ?»

«መኪናዋ መንገዱን እንድትነግርሽ።»

«መንገዱን እኮ አውቀዋለሁ። ጉድጓዱን ሁሉ በየስሙ ነው የምጠራው።»

ወጣት ችኩል ነው ብዬ አለፍኳት። እኔ ራሴ መንጃ ፈቃድ የለኝም፤ መሪ ጨብጬም አላውቅም። ይህ ግን ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም፤ ብዙ ታላላቅ ሥራዎች የሚመሩት እንዲሁ ነው።

ጉዳዩ የባለድርሻ አካላትን ተሳትፎ ስለሚጠይቅ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው አቶ ሕዝቅያስ ሆኑ። በዞኑ የዕቅድ ባለሙያ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ በቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ የሆኑ፣ ያለ አጀንዳ ጥርሳቸውን የማይፍቁ ሰው ናቸው። እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። መካኒኩ ከፈለኝ ድምፅ የሌለው የቴክኒክ አማካሪ ተባለ። ነጂዋን ትሁትን አላካተትናትም፤ ውጤቱ በድንገት ደርሶ እንዲያስደስታት።

አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ በላከልኝ መጽሔት ላይ የመሪው ጽናት በሦስት ደረጃ ቀርቧል፤ ጠንከር ያለ፣ ጠንካራ፣ ለእሽቅድምድም የሚሆን።

«የመጀመሪያው ያመነታል» አሉ አቶ ሕዝቅያስ። «ጠንከር ብሎ ነገር ምንድን ነው ወንድም አሮን? ወይ ጠንክር ወይ ተው!»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛ መሆኑ አይበቃህም?»

ከፈለኝ እጁን አወጣ። «ጋሽ አሮን፣ ሦስተኛው እኮ እንደ ንስር ለሚበር ሰው ነው። ቀስ ብላችሁ ስታዞሩት ድንጋይ ነው የሚሆንባችሁ።»

በቃለ ጉባኤው ላይ «ባለሙያው ድንጋይን በምሳሌነት በመጥቀስ የጽናትን ጥቅም በሰፊው አብራርተዋል፤ የጋራ ግንዛቤም ተይዟል» ብዬ ጻፍኩ። ሦስተኛው በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ያዘዝነው የመሪ ዕቃ በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ ሚዛን ሲደርስ ከፈለኝ አልነካም አለ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ክንድ እንዳይደክም መሪ ሳቀል ኖሬ፣ አሁን በእርጅናዬ ላክብድ? አላደርገውም!»

በእኛ ዘንድ እምቢ ላለ ሰው ሽማግሌ ይላካል። አንድ ሌላ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ጨምረን፣ ሦስት ሆነን፣ ኮት ደርበን ማለዳ ደጁ ላይ ቆምን። ኮሚቴው ያላጠናው አንድ ነገር ግን ነበር። ከፈለኝ ማናልሞሽ የምትባል፣ ሠላሳውን ያለፈች፣ ጠያቂ ያልመጣላት ልጅ አለችው።

«ኧረ ግቡ! ተቀመጡ እንጂ!» አለ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ ሕዝቅያስ፣ እንደ ደንቡ።

ከፈለኝ ወደ ጓዳ አየ፤ ከጓዳ ሚስቱ ወደ እሱ አየች። በወጉ ቢሆን «ዘመድ ላማክር» ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊያመላልሰን ይገባ ነበር። እሱ ግን አልቻለም።

«እሺ ብያለሁ! በእግዚአብሔር ፊት እሺ! ጥያቄያችሁን ተቀብያለሁ!»

ጓዳው በእልልታ ተናጋ።

«እግዚአብሔር ይስጥህ» አሉ አቶ ሕዝቅያስ እየተቀመጡ። «እንግዲያው መሪውን ነገ ጀምርልን።»

እልልታው መሃል ላይ ተቆረጠ። ማናልሞሽ የለስላሳ ጠርሙስ በሰፌድ ደርድራ ብቅ ያለችው ይሄኔ ነው። እኔ ዓይኗን ማየት አቃተኝ፤ ማታ በጸሎቴ ስሟን አነሣሁ። ከፈለኝ ግን ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለምና በማግስቱ ጀመረ፤ ቅዳሜ ሲመሽ ጨረሰ።

እሑድ የምትዳረው የአቶ ሕዝቅያስ ልጅ በየነች ነበረች። ትሁት መኪናዋን ከግቢ ስታወጣ ፊቷ ተለወጠ።

«አባዬ፣ መሪው ምን ሆነ?»

«ጸንቷል።»

ሙሽራዋ አጊጣ በአባቷ ደጅ ቆማ ትጠብቃለች፤ ለክርክር ጊዜ አልነበረም። እኔ የሥራውን ውጤት ለመገምገም ከፊት ተቀመጥኩ። ቀጥታው መንገድ ላይ ሁሉም ነገር ያማረ ነበር። መኪናዋ እያንዳንዱን ጠጠር ለትሁት ትነግራታለች፤ ትሁት እየሰማች በላብ ትጠመቃለች። ችግሩ የመጣው አደባባዩ ጋ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በግራ በኩል ነው።

«ዙሪ እንጂ!» አልኳት።

«እያዞርኩ ነው!»

«አየሽ ጽናቱን?»

በየነች ከኋላ ተንጠራርታ፣ ነጭ ጓንቷን እንዳጠለቀች መሪውን አንቃ ሳበች። ምንም። እንዳናቆም ከኋላ የሚኒባሶቹ ሰልፍ በጥሩምባ ይገፋናል። የቀረልን ቀጥታ ብቻ ነበር፤ ቀጥታ ሄድን። ሚዜው፣ ዘማሪው፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ተከተለን። ፊት ያለው እንዲህ ሳያወላውል ሲሄድ ማን ይጠረጥራል?

ቁልቁለቱን ጨርሰን ያረፍነው የሌላ ሰርገኛ ድንኳን ውስጥ ነው። ባለ ድንኳኖቹ ሙሽራቸውን አስቀምጠው ምሳ ሊያቀርቡ ነበር፤ ሆኖም የሰው አገር እንግዳ መስለናቸው በእልልታ ተቀበሉን። ሙሽራው ደንግጦ ብድግ አለ። የገዛ ሙሽራው ክንዱን ይዛ «ይቺ ደግሞ የማን ናት?» ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አቶ ሕዝቅያስ ከሚኒባስ ወርደው፣ ያዘጋጁትን ንግግር አውጥተው፣ ሁለት ገጽ በግርማ አነበቡ። አማቻቸው ሌላ ሰው መሆኑን ያስተዋሉት ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው።

በየነችን ወደ ቤተ ክርስቲያን ያደረሳት ባጃጅ ነው። ቬሎዋ በሁለቱም በኩል እየተውለበለበ፣ ባጃጁ አደባባዩን በአንድ እጅ ዞሮ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ትሁት ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«የዚህ ሳምንት ሙሽራ ቤተሰቦች ደውለው ነበር። መኪናው ካልተስተካከለ ሌላ እንፈልጋለን ብለዋል። የቀጣዩም እንደዚያው።»

ቁልፉን ወደ እሷ መልሼ ገፋሁት።

«ና ውጣ፤ ግባና ተቀመጥ» አለችኝ።

የነጂው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሞተሩን አስነሣችልኝ። ዲቦራ ደጃፉ ላይ ኮረሪማ እየለቀመች ታየናለች።

«አዙር።»

በአንድ እጅ ሞከርኩ። በሁለት እጅ ሞከርኩ። እግሬን ወለሉ ላይ ተክዬ፣ «ጌታ ሆይ» ብዬ፣ ትከሻዬ እስኪንቋቋ ሳብኩ። ሳልጨርስ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

«እንዴት ነው?» አለች ትሁት።

«ትንሽ… ጠንከር ብሏል።»

«ጋሽ ከፈለኝን አናግሬዋለሁ፤ የድሮውን ዛሬ ይመልስልኛል። እሑድ እኔ እነዳለሁ። አንተ ግን መንጃ ፈቃድ እስክታወጣ ድረስ ስለ መሪ አንዲት ቃል አትናገርም።»

«እስካወጣ ድረስ ብቻ?» አልኳት፣ ተስፋ አድርጌ።

«ብቻ።»

ዲቦራ ኮረሪማውን አስቀምጣ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «ተባረኪ ልጄ! ዕድሜ ልኩን ዝም አሰኘሽልኝ!»

«ተስማምቻለሁ» አልኩ።