ውሃ ለምኜ በለስላሳ የተከበብኩበት ምሳ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ፒያሳ ላይ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ግማሻችሁ አታምኑኝም፤ ግማሻችሁ ደግሞ «እሰይ!» ትላላችሁ።

«እሰይ» የምትሉትን አውቃችኋለሁ። ስለ ስኳር ፖስት ባደረግኩ ቁጥር የምትስቁት ናችሁ።

ለአዲሶቹ፦ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ትምህርቴን በጊዜ አቋርጬ የቀረውን በራሴ ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ የጠርሙስ ጀርባ ላይ በደቃቁ የተጻፈው እንኳ አያመልጠኝም። ስለዚህ እዚህ ገጽ ላይ ስጮህ ከርሜያለሁ። ምግብ ቤቶች የልጆች ሰሀን ላይ ሳይጠየቁ ለስላሳ እንዳይጨምሩ ሕግ ይውጣ! ከበርገሩና ከቺፕሱ ጋር ውሃ ወይም ወተት ይምጣ። ለስላሳ የፈለገ ወላጅ አፍ አለው፣ ይጠይቅ።

ሕጉ እስኪወጣ አንድ ቤት እንኳ ይጀምር ብዬ ጋሽ ሽኩርን ያዝኳቸው። ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ምግብ ቤት ባለቤት ናቸው። ማኪያቶ ልጠጣ በገባሁ ቁጥር ስጨቀጭቃቸው ሰለቻቸው።

«እሺ!» አሉኝ ትናንት። «ነገ የሕፃናት ምርቃት ነው፤ ቤቱ በወላጅ ይሞላል። የልጆቹን ሰሀን በሙሉ ከውሃ ጋር አወጣለሁ። ወላጅ ካልተቆጣብኝ ከሰኞ ጀምሮ ሜኑውን እቀይራለሁ። ከተቆጣ ግን ሁለተኛ ስለ ስኳር እንዳታነሳብኝ!»

ተጨባበጥን።

ዛሬ የእኔዋ ልጅ ሶልያናም ከኬጂ ተመርቃለች። ሰማያዊ ጋውን፣ ባለ ጥለት ቆብ፣ አንገቷ ላይ የፕላስቲክ አበባ። እኔ ያልደረስኩበትን ጋውን ገና ፊደል ሳትጨርስ ለበሰችው! አላለቀስኩም። ትንሽ ብቻ ነው ያለቀስኩት።

ከምርቃቱ ወጥተን ጋሽ ሽኩር ቤት ገባን። ሰሀኗ መጣ። ከአጠገቡ ውሃ።

«ዛሬን እንኳ ብትተዋት ምናለበት?» አለች ባለቤቴ በሹክሹክታ።

«በተለይ ዛሬ!» አልኳት።

ዙሪያዬን ስቃኝ ግን አንዳንድ ወላጆች ውሃውን በጥርጣሬ ያዩታል። አንዱማ አስተናጋጇን ሊጠራ እጁን አንስቷል። ሜኑዬ ሊወድቅብኝ ነው!

ተነሣሁ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

ኧረ እንዴት ተናገርኩ! ስለ ጥርስ፣ ስለ ሆድ፣ ስለ ነገው ትውልድ። ያ እጁን ያነሳው ሰውዬ እጁን አወረደ። «እውነት ነው ጋሼ!» «ልክ ነው!» ጭብጨባው ቀለጠ።

ምነው እዚያው ላይ ቁጭ ባልኩ!

አልተቀመጥኩም። ሶልያናን ወንበር ላይ አቁሜ «እነዚህን ምሩቃን ነው የምናድነው!» አልኩ። ቤቱ እልል አለ።

ከጥግ ጠረጴዛ እማማ ዘነበች ተነሡ። የዶሮ ማነቂያ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ሰፈሩ ፈርሶ ከተበታተንን ወዲህ ዛሬ ገና ማየቴ ነው። የልጅ ልጃቸውን ሊያስመርቁ ከከተማው ዳር መጥተዋል። «የኔ አንበሳ! አባት እንዲህ ነው!» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ከዚያ ወደ አስተናጋጇ ወደ ትዕግስት ዞሩ።

«ለዚህች ልጅ ለስላሳ አምጪላት። በእኔ!»

ለስላሳ!

ታዲያ ቅድም ያጨበጨቡት ለምኑ ነው?

«እማማ፣ እኛ እኮ...» ከማለቴ፣ ጠስስስ! ትዕግስት ጠርሙሱን ጠረጴዛ ሳታስነካ ቆርኪውን አነሳችው። የአራዳ አስተናጋጅ ለአሳብ ጊዜ አይሰጥም። የተከፈተ ለስላሳ አይመለስም፤ የእማማ ዘነበች ግብዣ ደግሞ ጭራሽ አይመለስም።

እኔስ ምን አልኩ? «እግዜር ይስጥልኝ!»

አንዱ ጋብዞ ሌላው ዝም የሚልበት አገር ደግሞ አይደለም። «ለምሩቋ ከእኔም!» አለ ከጎናችን የተቀመጠ አንድ የወርቅ ቤት ባለቤት። ጠስስስ! «ለልጅቷም ለአባቷም፣ ንግግሩ አንጀቴን ነው ያራሰው!» አለ ያ እጁን ያወረደው። ጠስስስ! ጠስስስ! ብርቱካናማ፣ ቀይ፣ ጥቁር። ልጄ ከጠርሙሶቹ ጀርባ ስትታይ ኪዮስክ የከፈተች ትመስላለች። እኔ ለእያንዳንዱ ጎንበስ እያልኩ አመሰግናለሁ።

እማማ ዓይናቸውን አልነቀሉም። «አትቀምሱም እንዴ? ንቃችሁኝ ነው?»

ልጅቷን አባቷ ከልክሏል። አባቷን ማን ከለከለው?

አንድ ጉንጭ፣ ለእማማ ክብር። አንድ ጉንጭ፣ የወርቅ ቤቱ ሰውዬ ቅር እንዳይለው። ከዚያ በኋላ ያለውን... እውነቱን ልናገር? ማንም አላስገደደኝም። ይጣፍጣል ወገኖቼ! ቀይዋማ!

ሶልያና ጠርሙሶቹን ዞር ብላም አላየች። ቆርኪዎቹን ለቃቅማ ጠረጴዛ ሥር ገብታለች። የሌሎቹ ጠረጴዛ ምሩቃንም ጋውናቸውን እየጎተቱ ተከተሏት። ሲሯሯጡ ይጠማቸዋል፤ ብቅ ብለው ውሃቸውን ይጎነጩና ተመልሰው ይገባሉ።

ጋሽ ሽኩር ከባንኮኒው ወጥተው ጠረጴዛችን ጋ ቆሙ።

«እሺ መምህር፣ ፍርዱ ምን ይሁን? ሕዝቡ ውሃውን ተቀብሏል?»

የስንት ጊዜ ጭቅጭቄ በዚህች መልስ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አፌን ከፈትኩ።

ግሳት!

ረጅም ግሳት። መሀሉ ላይ ያለቀ መስሎ እንደገና የሚቀጥል ዓይነት።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። ሶልያና ከጠረጴዛው ሥር ብቅ አለች።

«አባዬ፣ ውሃ ልስጥህ?» ብርጭቆዋን ብታነሳው ባዶ ነው። «ውይ! ጨርሼዋለሁ።»

ጋሽ ሽኩር የእሷን ብርጭቆ አዩ። የሌሎቹን ልጆች ብርጭቆ አዩ። የእኔን ጠርሙሶች ረዘም አድርገው አዩ።

«ከሰኞ ጀምሮ የልጆች ሰሀን ከውሃ ጋር ነው!»

በደስታ ልዘል ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

«የተቆጣ ወላጅ የለም። ደግሞ ይሄ የውሃ ሕግህ ተመችቶኛል፤ ይህን ቤት ከከፈትኩ እንደ ዛሬ ለስላሳ ሸጬ አላውቅም!»

አሸንፌያለሁ፣ አይደል? ታዲያ ለምን ቀበቶዬን ፈትቼ በጀርባዬ ተኝቼ ነው ይህን የምጽፈው?

የልጆቹን አንቀጽ አሁንም አልተውም፤ ሕጉ ይውጣ! ግን «ከእኔ!» ለሚል ደግ ሰውና እምቢ ማለት ላቃተው አባት ምን ዓይነት አንቀጽ ይጻፋል? የገባው ካለ ሱቄ ብቅ ይበልና ያስረዳኝ።

ባዶ እጃችሁን ኑ!