አርባ ዓመት የዘገየች ኳስ

ሰው አገሩን ጥሎ ሲወጣ ምን ይዞ ይወጣል ብትሉኝ፣ ቂሙን እላችኋለሁ። አይከብድም፣ ጉምሩክ አይፈትሸውም፣ በረዶም አያበላሸውም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ቶሮንቶ የሽማግሌ ድርቅ ነበረባት። መኪና ያለው፣ ከረባት ማሰር የሚችልና ቅዳሜ ሥራ የማይገባ ሰው ከተገኘ፣ እሱ ሽማግሌ ነው። እኔ ገና ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ቢሆንም ፀጉሬ ቀድሞኝ አርጅቷል፤ የት እንዳረጀ አልነግራችሁም። እናም ዌስተን ሰፈር የሚኖሩት ጋሽ መኮንን ለልጃቸው ሚስት የሚጠይቁ ሦስት ሰዎች ሲልኩ፣ አንዱ ሽበቴ ሆነ። እኔ ተከትዬው ሄድኩ።

የልጅቷ አባት ጋሽ ወርቁ ቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። እንደ ደንቡ ቆመን ጠየቅን። «የማን ልጅ ነው?» አሉ። ነገርናቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

«ያ ኳስ የከለከለኝ መኮንን?»

ርስት የከለከለ ሰምተናል፤ ኳስ ግን…

ነገሩ እንዲህ ነው። በንጉሡ ዘመን ሁለቱ ለአንድ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ይጫወቱ ነበር። ለኮሌጆች ዋንጫ ደርሰው፣ በአንድ ነጥብ እየተመሩ ጥቂት ሰከንድ ሲቀር፣ ኳሷ ጋሽ መኮንን እጅ ገባች። ጋሽ ወርቁ ቅርጫቱ ሥር ብቻቸውን ቆመው «አቀብለኝ!» እያሉ ይጮኻሉ። ጋሽ መኮንን ራሳቸው ወረወሩ። ሳቱ። ዋንጫው ሄደ። ከዚያ ንጉሡ ወረዱ፣ ወታደር መጣ፣ ወታደርም ሄደ፤ ያቺ ኳስ ግን እስካሁን መሬት አልነካችም።

«መጥቶ ያቀብለኝ» ብለው ፈረዱ ጋሽ ወርቁ። «አለዚያ ልጄን አልሰጥም።»

«ዳዲ፣ አር ዩ ሲሪየስ?» አለች ልጅቷ ከወጥ ቤት በር ላይ።

ሲሪየስ ነበሩ። እሷ ደግሞ ያለ አባቷ ምርቃት እንደማታገባ አስቀድማ ተናግራለች።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ መኮንንን በመኪናዬ አመጣኋቸው። ከሕንፃው ጀርባ ልጆች ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ አለ፤ ጋሽ ወርቁ፣ ልጅቷና ሁለቱ ሽማግሌ ባልደረቦቼ ኳስ ይዘው ጠበቁን። ጋሽ መኮንን ከዘራቸውን ለእኔ ሰጥተው፣ ኳሷን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «እንካ!» አሉ። አቀበሉ።

ጋሽ ወርቁ ተቀበሉ። እዚህ ላይ ቢበቃ ምን ነበረበት? ሰው ግን ያገኘው አይበቃውም። ካፖርታቸውን አወለቁ፣ አነጣጠሩ፣ ወረወሩ።

ቦርዱን እንኳ አልነካችም።

ጋሽ መኮንን አርባ ዓመት ያቆዩትን ቃል ቀስ ብለው አወጡ። «ለዚህ ነበር ያላቀበልኩህ።»

ጋሽ ወርቁ ካፖርታቸውን አነሱ። ልጅቷ ፊቷን ሸፈነች። ሁሉም ወደ ሽበቴ ዞረ።

«ነፋስ ነው» አልኩ።

«ምን አልክ?» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«ነፋስ ወሰዳት፣ ጋሼ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሁለቱ ባልደረቦቼ ወዲያው የኮታቸውን ቁልፍ ቆላለፉ። «ኧረ ኃይለኛ ነፋስ ነው!»

«እኔም ተሰምቶኛል» አሉ ጋሽ ወርቁ፣ ካፖርታቸውን እየደረቡ።

ጋሽ መኮንን ዕድሉን አላሳለፉም። «ያን ጊዜም እኮ ነፋስ ነበር።»

ጋሽ ወርቁ ቀና ብለው ቅርጫቱን አዩ። «ነበር» አሉ በመጨረሻ፤ ተቃቀፉ።

በወጣትነቴ «እውነቱን አውጣ» እየተባልኩ ተገርፌ ዝም ብያለሁ፤ ሁለት ጥርስ ከፍዬበታለሁ። ያን ቀን ግን ማንም ሳይነካኝ ዋሸሁ። ሠርጉ ላይ የክብር ወንበር ተሰጠኝ፣ ጥሬ ሥጋ ቀረበልኝ፣ በቀሩት ጥርሶቼ በላሁ።

ነፋስ? ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም።