የእትዬ ለክፉም አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር

የትኛውም መሥሪያ ቤት ግቡ፣ ቦርሳቸው ከቁመታቸው የማይተናነስ አንዲት ሴት አይጠፉም። ለአንድ ሰዓት ስብሰባ ሲጠሩ ለሳምንት ስደት የተሰናዱ ይመስላሉ። ራሱን ያመመው ኪኒን፣ አዝራር የተበጠሰበት መርፌ የሚለምነው እሳቸውን ነው። ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ያመሰግናቸዋል፤ ዞር ሲሉ ይስቅባቸዋል።

የዚህኛው ትምህርት ቤት ባለ ቦርሳ የልብስ ስፌት አስተማሪዋ ነበሩ። “ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል?” ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ “ለክፉም ለደጉም።” መምህራኑ ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም ትተው እትዬ ለክፉም አሏቸው። የሒሳብ አስተማሪው ግን ይህ አልበቃውም፤ “ክቡርነታቸው” እያለ ይጨምርበት ነበር።

የሒሳብ አስተማሪው ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ቀላል ነገር ይወዳል፤ ቀላል ምሳ፣ ቀላል ጫማ፣ አጭር የሒሳብ ማረጋገጫ። “መንገድ የሚያውቅ ሰው እጁን ኪሱ ከትቶ ይሄዳል” ይላል። ከዚህ ከተማ ወጥቶ ብዙም መንገድ አያውቅም፤ ይሄ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

እትዬ ለክፉም ጡረታ ሊወጡ አንድ ወር ሲቀራቸው ርዕሰ መምህሩ ጠርተው፣ “ለስንብትዎ ምን እናድርግልዎ?” አሏቸው። ግብዣ ይላሉ፣ ሰዓት ይላሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ “በእግር መሄድ ነው የምፈልገው። ጫካው ሥር ካለው መንደር ተነስተን ማዶ ካለው መንደር እንድረስ፤ ሁላችንም” አሉ። አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ነው። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም። እምቢ ማለትም አይቻልም። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምረው ለራሳቸው አንድ ነገር ሲለምኑ የተሰሙት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ አንድ ሆነው ጫካው ሥር ተሰበሰቡ። የስፖርት አስተማሪው ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከፊት ሆነ። ከኋላ ከእትዬ ለክፉም ጋር የሚሄድ ሰው ሲፈለግ ስምንቱ ጫማቸውን ማሰር ጀመሩ። የሒሳብ አስተማሪው ጫማ ማሰሪያ የለውም፤ ዕጣው እሱ ላይ ወደቀ።

“ቦርሳውን ልያዝልዎት?” አለ፤ ለይሉኝታ ያህል።

“ተባረክ” ብለው አሸከሙት። ትከሻው ወደ አንድ ጎን ዘመመ።

“እትዬ፣ ምንድን ነው ያለው ውስጡ?”

“ምንም የለበትም። ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ገመድ፣ ባትሪ፣ ባትሪው ቢያልቅ ሻማ፣ ሁለት ጃንጥላ፣ ትንሽ መዶሻ...”

“መዶሻ ለምን?”

“የወጣ ሚስማር ቢያጋጥመንስ?”

“ጫካ ውስጥ?”

“አንተ ደግሞ፣ ጫካ ውስጥ አጥር የለም ያለህ ማነው?” ብለው ቀጠሉ።

ጫካው ደስ ይላል። የረገፈ ቅጠል መንገዱን እንደ ፍራሽ አለስልሶታል፤ ብርሃኑ በቅርንጫፎች መሃል እየተንጠባጠበ ይወርዳል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ግን ጸሐፊዋን ጫማዋ ላጣት፤ ፕላስተር ተሰጣት። የታሪክ አስተማሪው ሱሪ እሾህ ይዞት ተተረተረ፤ እትዬ ለክፉም ሰውየውን ግንድ ላይ አቁመው፣ ሱሪውን እላዩ ላይ እንዳለ ሰፉለት። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ፤ የመርፌውን ጫፍ ማየት አልፈለገም። ክቡርነታቸው ስፌቱን በጥርሳቸው በጥሰው “ሂድ፣ አጊጠሃል” አሉት። የሒሳብ አስተማሪው ሳቁን ዋጠ፤ ቦርሳው ግን ከነበረበት ክብደት የፕላስተርና የክር ያህል ብቻ ነው የቀለለው።

እኩለ ቀን ላይ ጫካው አለቀና ገላጣው ሜዳ ተጀመረ። ከጉልበት የማያልፍ ቁጥቋጦ እስከ ሰማይ ጠርዝ ተነጥፎበታል፤ ለጥላ የሚሆን አንድ ዛፍ የለም። እትዬ ለክፉም ጫካው ዳር ቆሙ። ሌሎቹ ራቁ፤ እሳቸው አልተንቀሳቀሱም።

“ደከመዎት?”

“አልደከመኝም።” ወደ ሜዳው አሻግረው አዩ። “ያን ጊዜ ከዚህ ነው የተመለስነው።”

“መቼ?”

“በተቀጠርኩ ዓመት። ሃያ ስድስት ሴቶች ልጆች ይዤ በዚሁ መንገድ መጣሁ። እኔም እንዳንተ እጄን እያወዛወዝኩ ነበር፤ ዳቦና ውኃ ብቻ ይዤ። እዚህ ስንደርስ የአንዷ ልጅ ቀሚስ ላይ ደም ታየ። አትፈር፣ አንተም ሴት ልጆች ታስተምራለህ። የመጀመሪያዋ ነው፤ ምን እንደሆነ እንኳ አታውቅም። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ እጄ ላይ ምንም የለም። ጨርቅ የለም፣ የምትለብሰው የለም፣ የልብስ ስፌት አስተማሪ ሆኜ ብጣሽ ጨርቅ አልያዝኩም! ያንን ሁሉ መንገድ ቀሚሷን በእጇ እንደጨበጠች ተመለሰች።”

“ከዚያስ?”

“ሰኞ አልመጣችም። ማክሰኞም አልመጣችም። ቤቷ ሄድኩ፤ እናትየው ‘ሥራ ይዛለች’ አሉኝ። ልጅቷ በሩ ኋላ ቆማ ነበር፤ እግሯ ይታየኛል። አልወጣችም።”

የሒሳብ አስተማሪው ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ፤ በሁለት እጁ ያዘው።

“በሉ እንሂድ” አለ። እሳቸውም ሠላሳ አንድ ዓመት የቀረባቸውን እርምጃ ተራመዱና ቁጥቋጦው ውስጥ ገቡ።

ገላጣ ሜዳ ላይ ዝናብ ሲይዝ መግቢያ የለም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወረደ፤ ያውም በጎን። እትዬ ለክፉም ሁለቱን ጃንጥላዎች አንዱን ለርዕሰ መምህሩ፣ አንዱን ለጸሐፊዋ ሰጡ። ለሒሳብ አስተማሪው ደግሞ አበባ አበባ ያለበት የጠረጴዛ ላስቲክ አውጥተው ትከሻው ላይ ጣሉበት። ከአንድ ቀን በፊት ቢሆን ሞቼ ነው የምለብሰው ይል ነበር። አሁን አገጩ ሥር ጨብጦ፣ ሹመት እንደተሰጠው ሰው ረጋ ብሎ ተራመደ። የስፖርት አስተማሪው ዞር ብሎ አየውና በፊሽካው ሰላምታ ነፋለት።

መንደሩ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ወንዝ አጋጠማቸው። ድልድዩ ሁለት ግንድ ነው። ሌሎቹ ሁሉ ተሻገሩ። እትዬ ለክፉም አንድ እግራቸውን ግንዱ ላይ አድርገው መልሰው አወረዱት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

“ለዚህ የያዝኩት ነገር የለም” አሉ በቀስታ።

“በውኃው እንሂድ። ከጉልበት አያልፍም” አለ የሒሳብ አስተማሪው።

“ቦርሳውን አስቀድም።”

ቦርሳውን ራሱ ላይ ተሸክሞ አሻገረ። ተመልሶ እጁን ዘረጋ። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ገቡ፤ ውኃው ቀዝቃዛ ነው፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል። መሃል ላይ ሲደርሱ ክንዱን አጥብቀው ይዘው፣ “እንዳትለቀኝ፣ ልጄ” አሉት። አልለቀቃቸውም። ማዶ ቆመው የሚያዩት ባልደረቦቻቸው ያን ጊዜ አልሳቁም።

መንደሩ ውስጥ ካለው የአውቶቡስ መጠበቂያ ስትደርሱ የምታዩት ጣሪያ ያለው ረጅም አግዳሚ ነው። ሁሉም ተደረደሩበት፤ ጫማቸው ውኃ ይተፋል። እትዬ ለክፉም ቦርሳቸውን ከታች ድረስ በረበሩና አንድ ጥቅል አወጡ። በእጃቸው የሠሯቸው የሱፍ ካልሲዎች ናቸው። አንድ በአንድ ጠርተው አደሉ። የርዕሰ መምህሩ ግራጫ፣ የስፖርት አስተማሪው ቀይ፣ የሒሳብ አስተማሪው አረንጓዴ። ሁሉም ልክ ሆነ።

“ቁጥራችንን በምን አወቁት?” አለች ጸሐፊዋ።

“ጫማችሁን ስንት ዓመት አየሁት!”

የሒሳብ አስተማሪው የሙያ ነገር ሆኖበት ቆጠረ። ሰው አሥራ አንድ። ካልሲ አሥር ጥንድ። ደግሞ ቆጠረ። እትዬ ለክፉም አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ እርጥብ እግራቸውን ከወንበሩ ሥር ደብቀው።

አረንጓዴውን ካልሲ ከእግሩ አወለቀና ፊታቸው ተንበረከከ።

“ተው፣ አንተ ልጅ! ላንተ ነው የሠራሁት። ይሰፋኛል።”

“ይስፋዎት።”

“ምን ይላሉ ሰዎቹ?”

“የፈለጉትን ይበሉ። እግርዎትን ይስጡኝ።”

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። ርዕሰ መምህሩ በግራጫ ካልሲያቸው ብድግ ብለው በሩ ላይ ቆሙና፣ “ይጠብቁን፤ ሰው ይቀረናል” አሉት።

እትዬ ለክፉም ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዞሩ። እዚያ ምን እንዳዩ አይታወቅም። ከዚያ ከወንበሩ ሥር አንድ እግራቸውን ቀስ ብለው ዘረጉለት።

“ይሄኛው ነው በጣም የበረደኝ” አሉ። “ከእሱ ጀምርልኝ።”